ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረን ሕፃን ስለ መመርመር

መኸር ተሰብስቦ የጥር ሰርግ ሲቃረብ፥ በጎጃም በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በጅጋ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የጤና ባለሙያዎች ከሌላው ወራት ይልቅ ደጋግመው የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚከታተለው የቀበሌ ኮሚቴ፥ አንዳንድ ጊዜ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ፥ አንዳንድ ጊዜም ጠላውን ጠምቆ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ሲያበቃ «ልጄ ደርሳለችና ወረቀት ይጻፍልኝ» የሚል አባት ነው። ልጅቱ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፥ ስለ ራሷ የሚባለውን ሁሉ እየሰማች ትቆማለች፤ እርሷን ራሷን ለብቻዋ አስቀምጦ የሚጠይቃት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕፃን ተበድሏል፥ ተደብድቧል፥ ተደፍሯል፥ ወይም ሳይደርስ ሊዳር ነው ተብሎ ሲጠረጠር፥ ሐኪሙ፥ የሥነ ልቡና ባለሙያው፥ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውና መርማሪው በየሙያቸው የሚያደርጉት ምርመራ ከሁሉ አስቀድሞ የመስማት ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን የልጁን ቃል ትተን ሥጋውን በመፈተሽና ማኅተም ያለበትን ወረቀት በመጠበቅ ብዙ ዘመን አሳልፈናል። ወረቀቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሊናገር የሚችለውንና የማይችለውን ለይተን እንወቅለት ማለቴ ነው።

ከዕድሜ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 አደረጉት። የወንጀል ሕጉም በ648ኛው አንቀጽ፥ የቤተሰብ ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፥ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት እንደ ሆነ እስከ 3 ዓመት፥ ያልሞላት እንደ ሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ሕጉ እንዲህ በቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሲቆም፥ ቁጥሩን የሚያስረዳው መዝገብ ግን በአገሩ አልነበረም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3ቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ ለጋብቻ የሚፈለጉት ልጆች ሁሉ ለማለት ይቻላል ያለ ልደት ወረቀት የተወለዱ ናቸው።

ወረቀት የሌለውን ዕድሜ ከአካል ለማንበብ ሐኪሞች ጥርስን ያያሉ፥ የጡትን ማጎጥጎጥ ያያሉ፥ መሣሪያው ባለበት ሆስፒታልም የግራ እጅን አንጓ በራጅ አንሥተው የአጥንቱን መግጠም ይመለከታሉ። ይህ የራጅ ምርመራ በዓለም ሁሉ ሲሠራበት የኖረው ግሮይሊክና ፓይል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ባዘጋጁት የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ በሥዕሎቹ ላይ ያሉት አጥንቶች ግን ከ1930ዎቹ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የተጠኑ፥ ጠግበው የሚያድሩ የነጭ ቤተሰብ ልጆች አጥንቶች ናቸው። በመሠረቱ ጤናማ በሆነ ልጅ ላይ እንኳ ግምቱ እስከ 2 ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ በተደጋጋሚ ወባ ታማ፥ በክረምት እህል ሲያልቅ ከወንድሞቿ ተርፎ የተሰጣትን በልታ ያደገች የቆላ ልጅ ደግሞ አጥንቷ ከዕድሜዋ ሊዘገይ እንደሚችል የታወቀ ነው። እንግዲህ «18 ዓመት ሆኗታል» ተብሎ በአንድ መሥመር የሚጻፍ ወረቀት፥ ጻፊው ባለሙያ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፥ ከሳይንሱ በላይ ተናግሯል። ሐቀኛው አጻጻፍ «ከ15 እስከ 18 ባለው ውስጥ ትገመታለች» የሚል ነው፤ ጥርጥሩም ለልጅቱ ጥበቃ እንዲተረጐም ማድረግ የዳኛውና የኮሚቴው ፈንታ ነው።

በዚህ ስፍራ የአገራችን ባለሙያዎች ብዙ ያልተጠቀሙበትን አንድ ሀብት ማንሣት እፈልጋለሁ። የጎጃም እናት ልጇ የተወለደበትን ቁጥር ባታውቅ፥ የወንጌላዊውን ዘመን ታውቃለች፤ ማቴዎስ፥ ማርቆስ፥ ሉቃስ፥ ዮሐንስ በየ4 ዓመቱ እየዞሩ ሲመጡ፥ «በዘመነ ሉቃስ፥ ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ወለድኳት» ማለት ለእርሷ የተለመደ አነጋገር ነው። ይህን ቃል የሰማ ሰው ስሌቱን ያድርግ፤ ጥያቄው የቀረበው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከሆነ፥ ሉቃስ የዋለባቸው ዓመታት 1999 እና 2003 ናቸውና ልጅቱ ወይ 18 ዓመት አልፏታል፥ ወይ ገና 14 ናት፥ በመካከሉ ያለው ሁሉ ይወጣል። በ16 እና በ18 መካከል ራጅ ሊለይ አይችልም፤ 14ን ከ18 መለየት ግን ለሠለጠነ ዓይን የቀለለ ነው። በዚህ ላይ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፥ ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና የሚነሣ በመሆኑ፥ ያነሣቻት የክርስትና እናትና ያጠመቁት ካህን ዘመኑን ሊመሰክሩ ይችላሉ፤ ታላቅ ወንድሟ መሬት በተደለደለበት በ1989 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ ነበር፥ እርሷስ ከሚሌኒየሙ በዓል በፊት ነው ወይስ በኋላ ትራመድ የነበረው፥ አንደኛ ክፍል መቼ ተመዘገበች እያሉ ለየብቻ በመጠየቅ የሚገኘው መልስ፥ ተሰብስቦ ሲገጣጠም፥ ከአንድ የራጅ ሥዕል የበለጠ ይናገራል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና ብራና ያህል የሚከበር መዝገብ ነው።

ዕድሜን መገመት ግን በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚቀለው ነው። ልጅ ተደፍራለች ተብሎ በተጠረጠረ ጊዜ፥ ቤተሰቡም ፖሊሱም ዳኛውም ሐኪሙ «አዎ» ወይም «የለም» የሚል ወረቀት እንዲሰጣቸው ይጠብቃሉ፤ በገጠራችንም ምርመራው ብዙ ጊዜ «ክብረ ንጽሕናዋ አለ ወይስ የለም» ወደሚል አንድ ጥያቄ ይጠብባል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት፥ ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብለው የተመረመሩ 2,384 ሕፃናትን ተመልክቶ፥ በአካላቸው ላይ ከተለመደው የተለየ ምልክት የተገኘባቸው ከመቶ 4ቱ ብቻ መሆናቸውን ገለጠ። ከ2 ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 36 ነፍሰ ጡር የሆኑ ለጋ ልጃገረዶችን መርምሮ፥ በእርግጠኝነት የሚያስረዳ ምልክት ያገኘው በ2ቱ ብቻ ነበር፤ እርግዝናን የሚያህል ምስክር እያለ እንኳ ገላ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ለጋ ገላ ፈጥኖ ይድናል፤ ብዙው በደልም ቁስል የማይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለውና ተመርማሪዋን የሚጎዳ ስለሆነ እንዲቀር የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ምንም ምልክት አልተገኘም» የሚል የሕክምና ማስረጃ «ምንም አልተደረገባትም» ማለት አይደለም፤ ሐኪሙም ይህን በወረቀቱ ላይ በግልጥ ሊጽፈው ይገባል፥ ካልጻፈው ሌላው በገዛ መንገዱ ያነበዋልና።

ምልክት በተገኘበት ጊዜም ቢሆን ሰሚ ከሌለ ዋጋ የለውም። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች፤ የሕክምና ማስረጃው የደረሰባትን ጉዳት መዝግቦ ነበር፤ የወረዳው ፍርድ ቤትም በ1995 ዓ.ም. ጠላፊውን በ10 ዓመት እሥራት ቀጣ። ይግባኙን የሰማው የዞኑ ፍርድ ቤት ግን ነገሩ በፈቃዷ የሆነ ይመስላል ብሎ በ1996 ዓ.ም. ጠላፊውን ለቀቀ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ፥ ኢትዮጵያ ልጅቱን የመጠበቅ ግዴታዋን እንዳልተወጣችና 150,000 ዶላር ካሣ እንድትከፍል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ልጅቱም ያን ጊዜ ሙሉ ሴት ሆና ነበር።

ድብደባን መመርመር ሌላ ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል። በመስክ የሚውል እረኛ ልጅ ጉልበቱና ክርኑ ቢላላጥ አይደንቅም፤ ጆሮው፥ አንገቱ፥ ሆዱና ጀርባው ላይ የበለዘ ሕፃን ግን ይጠየቅለታል፤ ገና የማይድህ ጨቅላ ከበለዘማ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። የባዕድ መጽሐፍ የማያስተምረው ደግሞ የአገሩ ነገር አለ፤ የወፍ በሽታ ያዘው ተብሎ ክንዱን የተተኮሰ ልጅ የሚይዘው ክብ ጠባሳ፥ አገሩን ለማያውቅ መርማሪ በእሳት የተሠቃየ ሊያስመስለው ይችላል፤ የዋግምትና የብጣት ምልክትም እንዲሁ። በአንጻሩ በርበሬ ታጥኖ ዓይኑ ያበጠና ትንፋሽ ያጠረው ልጅ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የወንጀል ሕጉ በ576ኛው አንቀጽ ሕፃንን ማንገላታት፥ ችላ ማለት፥ ከአቅሙ በላይ ማሠራትና መደብደብ ወንጀል እንደሆነ ከደነገገ በኋላ፥ ሕግን ያልተቃረነ ተገቢ ቅጣት ግን በዚህ እንደማይከለከል ይጨምራል። ይህችን ቀዳዳ እያንዳንዱ አባት በልኩ ስለሚሰፋት፥ መርማሪው የቁስሉን ዓይነት፥ ስፍራና ዘመን ሳይሳሳት መመዝገብ አለበት፤ ተግሣጽ ነው ወይስ ጭካኔ የሚለውን ፍርድ የሚሸከመው ያ መዝገብ ነው።

አሁን ወደ ቃል እንመለስ፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና። በመጽሐፈ ሶስና እንደምናነበው፥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ንጽሕቲቱን ሴት በሐሰት በከሰሷት ጊዜ፥ ብላቴናው ዳንኤል እርስ በርሳቸው እንዳይሰማሙ ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሌላው ሌላ ዛፍ ስለጠሩ ሐሰታቸው ተገለጠ። ዳንኤል መልሱን በጥያቄው ውስጥ አላስቀመጠም። «ከእንዲህ ያለው ዛፍ በታች ነው አይደል?» ቢል ኖሮ ሁለቱም «አዎ» ባሉትና ሶስና በተወገረች ነበር። ዛሬ በየአገሩ ሕፃናትን የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች የሚማሩት ሕግ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልጁ ለብቻው፥ በጸጥታ ስፍራ፥ አስቀድሞ ስለ ጨዋታውና ስለ ትምህርቱ በመናገር ልቡ ከተረጋጋ በኋላ፥ «እስኪ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ይባላል፥ «ከዚያስ?» ይባላል፥ ዝም ቢል ይጠበቃል። «አጎትህ ነው አይደል የመታህ?» አይባልም።

ይህ ሥርዓት ለጎጃም ልጅ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስፈልገዋል። እኛ ልጅን ስናሳድግ በታላቅ ፊት አንገቱን እንዲደፋ፥ ዓይን ለዓይን እንዳይተያይ፥ ለተባለው ሁሉ «እሺ» እንዲል አድርገን ነው፤ ጨዋ ልጅ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። ታዲያ ፖሊስ ወይም ሐኪም መልሱን ያዘለ ጥያቄ ሲጠይቀው «አዎ» ማለቱ አክብሮት እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ ዝም ማለቱና መሬት መሬት ማየቱም ሐሰትን አያመለክትም። ልጅቱ «ነካኝ» ወይም «አበላሸኝ» ብላ የምትናገረው ቃል ምን እንደሚይዝ ለማወቅም የአገሩን አነጋገር የሚያውቅ፥ ያልተባለውን ግን በራሱ ቃል የማይሞላ ሰው ያስፈልጋል። መዝገቡም «ተደፍራለች» የሚል የጸሐፊ ቃል ሳይሆን የእርሷ የራሷ ቃል፥ እንደ ተናገረችው ይጻፍ።

ባለሙያ በተቻኮለ ጊዜ የሚደርሰውን ጥፋት ሌሎች አገሮች በብዙ ዕንባ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ ክሊቭላንድ በተባለ አውራጃ ሐኪሞች በአንድ የአካል ምልክት ላይ ከሚገባው በላይ በመተማመን 121 ሕፃናት ተበድለዋል ብለው ፈረዱ፤ ብዙዎቹም ከወላጆቻቸው ከተለዩ በኋላ አብዛኞቹ ተመለሱ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት በተነሣ ክስ፥ መርማሪዎች ሕፃናቱን መልስ በሚያስተምር ጥያቄ ደጋግመው በማነጋገራቸው፥ ለዓመታት የቆየው ሙግት ያለ አንዳች የጥፋተኝነት ፍርድ ተፈጸመ። በእነዚህ ታሪኮች ተመርኩዞ «የልጅ ቃል አይታመንም» የሚል ሰው እጅግ ይሳሳታል፤ በሁለቱም ስፍራ የከሸፈው የታላላቆቹ አሠራር እንጂ የሕፃናቱ ቃል አይደለም። እኛም ከቀድሞው ልማዳችን አንድ ነገር እናስታውስ፤ ሌባ ሻይ በሚባለው የጥንት ሥርዓት ሌባ ለመፈለግ ለብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡት፥ እየተንገዳገደ በወደቀበት ቤትም ባለቤቱን ይይዙ ነበር፤ ልጁ ምስክር ሳይሆን መሣሪያ ነበር። ያ ልማድ መቅረቱ መልካም ሆኖ፥ ልጅን መሣሪያ የማድረግ መንፈሱ ግን፥ በተጣሉ ባልና ሚስት ወይም በመሬት በተካሰሱ ወንድማማቾች መካከል ሕፃንን ቃል እያስጠኑ ወደ ፖሊስ በሚልኩ ሰዎች ዘንድ አሁንም አልጠፋም። ያስጠኑትን ቃል ከኖሩት ነገር የሚለየው ደግሞ ያው መልስ የማይሰጠው፥ ታጋሹ ጥያቄ ነው።

ሌላው ሕመም ልጁ ያንኑ ነገር ስንት ጊዜ ይናገራል የሚለው ነው። ለእናት፥ ለቀበሌ፥ ለፖሊስ፥ ለጤና ጣቢያ፥ ለሆስፒታል፥ ለዐቃቤ ሕግ፥ በመጨረሻም ተከሳሹ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ችሎት መናገር ማለት ቁስሉን ያን ያህል ጊዜ መቅደድ ነው፤ ቃሉም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ስለሚለወጥ ተከላካዩ «ይዋሻል» ለማለት ሰበብ ያገኛል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐኪሙን፥ መርማሪውንና የሥነ ልቡና ባለሙያውን ለሕፃናት በተዘጋጀ በአንድ ቤት ሰብስባ ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናገር አደረገች። በአገራችንም በአዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ተስማሚ ችሎት ተቋቁሞ፥ ልጁ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ተቀምጦ ይናገራል፤ ሠራተኛዋ የዳኛውንና የጠበቃውን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ ለልጁ በሚገባው ቃል ታቀርብለታለች፥ ችሎቱም በካሜራ ይመለከታል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ሕክምናውን፥ ምክሩንና የሕጉን ሥራ በአንድ ጣራ ሥር አድርጓል። ይህ ሁሉ ግን ከጅጋ ገበያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ልጅ የሚቀርበው የጤና ጣቢያው፥ ከዚያም የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነው። ካሜራ ባይኖር እንኳ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፥ አንዲት የሠለጠነች ሴት፥ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉም አብረው የሚጽፉት አንድ መዝገብ በወረዳ ሊሟሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ከድርጊቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፥ ያውም ቶሎ በተጀመረ መጠን፤ እርግዝና መከላከያውም ከ120 ሰዓት አያልፍም። በትናንሽ ሕፃናት ላይ የአጥቂው ምልክት የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን፥ ይልቁንም ከገላቸው ሳይሆን ከልብሳቸውና ከመኝታቸው ነው። ስለዚህ ልብሱ ሳይታጠብ፥ ደርቆ በወረቀት ተጠቅልሎ ከልጁ ጋር ይሂድ፤ ፌስታል ያበሰብሰዋል። እነዚያን ውድ ሰዓታት የሚበላብን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽምግልና ነው። ሽማግሌዎቻችን ደም የሚያደርቁ፥ ቂም የሚያስረሱ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም በልጅ ላይ ለተፈጸመ ግፍ በካሣ ወይም «ይዳሩ» በሚል እርቅ ሲቀመጡ፥ እርቁ የሚወርደው በሁለት ቤተሰብ መካከል ነው እንጂ ልጅቱ በዚያ ሸንጎ ድምፅ የላትም። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲደፈር የወንጀል ሕጉ 627ኛ አንቀጽ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያዝበትን ነገር ማንም ሽማግሌ የማስቀረት ሥልጣን የለውም።

ከባለሙያው በፊት ልጁን የሚያየው ማን ነው? በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶች በትምህርት ቤት እንዲቆዩና ከአሠልጣኞች ጋር በቡድን እየተገናኙ እንዲማከሩ አድርጎ፥ ልጃቸውን ሳይድሩ 2 ዓመት ለጠበቁ ወላጆች በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር፤ ጥናቱም ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻው እጅግ መቀነሱን አሳይቷል። ሰው ስለ በጉ ብዙ ይናገራል፤ እኔ ግን ትልቁ ነገር ልጅቱን አዘውትሮ የሚያይ፥ ከመንፈቅ በፊት የነበረችውንና ዛሬ የሆነችውን የሚያስተያይ ሰው መገኘቱ ይመስለኛል። መምህር፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ የንስሐ አባት፥ ለቆሎ ተማሪውም ከወላጅ ርቆ በሚኖርበት ደብር የኔታው እንዲህ ያሉ ዓይኖች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው፥ ከሁሉ ዋነኛው ዓይን ተከድኗል፤ ስለዚህ የቀሩት አብልጠው ማየት ይኖርባቸዋል። ልጅ አንዳች ነገር የነገራቸው እንደ ሆነ እነርሱ መርማሪ አይሁኑ፤ ይስሙ፥ «ደግ አደረግህ ነገርኸኝ» ይበሉ፥ የተነገራቸውን በልጁ ቃል ይጻፉ፥ በዚያው ቀን ለሚመለከተው ያድርሱ።

ምርመራው ሁሉ በደንብ ተሠርቶም ቢሆን አንድ ነገር ያፈርሰዋል። በካሊፎርኒያ 257 የተረጋገጡ የሕፃናት ጥቃት ጉዳዮችን ያጠኑ ሊቃውንት፥ ከመቶ 23ቱ ሕፃናት አስቀድሞ የተናገሩትን መልሰው እንደ ካዱ አገኙ፤ ይልቁንም የካዱት ታናናሾቹ፥ በደለኛው የወላጅ ስፍራ ያለው ሰው የሆነባቸው፥ እናት ወይም ሌላ አሳዳጊ ያልደገፋቸው ናቸው። በአንድ ጎጆ በአንድ መደብ በሚታደርበት አገር ይህ የበለጠ እውነት ነው፤ ቀን ለሐኪምና ለፖሊስ የተናገረች ልጅ ማታ ወደዚያው ቤት ከተመለሰች፥ በማግሥቱ «ውሸቴን ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ የቀበሌው ኮሚቴም፥ ጤና ጣቢያውም፥ ፖሊሱም መዝገቡን ከመዝጋታቸው በፊት፥ በዚያ ቤት ማን እንደሚኖር ጠይቀው፥ ተጠርጣሪው ከዚያ የማይለይ ከሆነም አክስቷ ዘንድ ወይም ክርስትና እናቷ ዘንድ እንድታድር አድርገው፥ የዚያችን ሌሊት ማደሪያዋን ማን እንደ ተረከበ በስምና በፊርማ ይጻፉ፤ በማግሥቱም አንድ ሰው ሄዶ ይያት።